ባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮ ጥበቃ በበጎ ፈቃድ ለመሄድ ምን ዓይነት ዝግጅት ያስፈልገናል?

እናት በፍራንክፈርት፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። የምኖረው ጀርመን ነው፤ ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው። በመጪው ታኅሣሥ የማገኘውን የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ጋር አገር ቤት ለማሳለፍ አስበናል። አዲስ አበባ ዘመድ ከጠየቅን በኋላ በሚተርፈን ጊዜ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን፣ ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ በሚደረገው ሥራ አቅማችን የፈቀደውን ያህል ብናግዝ ደስ ይለናል። ልጄ የእንስሳት ሕክምና የመማር ሐሳብ ስላለው ከመወሰኑ በፊት ሥራውን በዓይኑ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

እዚህ ያሉ የጉዞ ወኪሎች የሚያሳዩን ተዘጋጅቶ ያለቀ የደቡብ አፍሪካ ፕሮግራም ነው፤ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የአንበሳ ግልገል ጡጦ እያጠባ የሚከርምበት። የባሌውን በተመለከተ ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስለ ክትባት፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ፈቃድና ስለ ከፍታው የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ ግን በቅንነት እንድትመልሱልኝ የምፈልገው፣ እንደ እኛ ያለ ልምድ የሌለው ሰው መሄዱ ለሥራው እገዛ ነው ወይስ ሸክም የሚለውን ነው።

ሳነቴ ነፋስ፦

እንኳን ደህና መጡ፣ እህታችን። ባሌ ውስጥ በአስጎብኚነት የሠራሁ ስለሆነ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የዝግጅቱ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና።

የቀይ ቀበሮ ክትትል የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ክትትል የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉት፤ ፓርኩም የራሱ ስካውቶች፣ ማለትም ጠባቂዎች አሉት። እነዚህ ሰዎች በፈረስም በእግርም ወጥተው እያንዳንዱን መንጋ ከነክልሉ ለይተው ያውቁታል፤ የትኛዋ እናት እንደወለደች፣ ስንት ቡችላ ከጉድጓድ እንደወጣ፣ የትኛው ወንድ ከመንጋው እንደጠፋ ይመዘግባሉ። በሁለት ሳምንት የሚመጣ እንግዳ ይህን ዕውቀት ሊተካ አይችልም፤ እተካለሁ ብሎ ከመጣም ያለጥርጥር ሸክም ነው። አብሮ ተጉዞ ቅጽ የሚሞላ፣ ሰዓት የሚይዝ፣ ማታ በወረቀት የተጻፈውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ግን ሁልጊዜም ይፈለጋል። እርስዎ የሂሳብ ባለሙያ ከሆኑ ከብዙዎቹ ጎብኚዎች የተሻለ ነገር በእጅዎ አለ ማለት ነው፤ እኔ እንደታዘብኩት በየጥበቃ ቦታው የሚጎድለው ተራራ የሚወጣ ጉልበት ሳይሆን መዝገብ የሚያስተካክል ሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ደብዳቤ ነው። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትችሉ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደምትቆዩ፣ ወጪያችሁን ራሳችሁ እንደምትሸፍኑ ገልጻችሁ፣ ምን ብናደርግ ይጠቅማችኋል ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለማድረግ እንመጣለን ብሎ መጻፍና ምን እናድርግ ብሎ መጻፍ በሚገኘው መልስ ላይ ትልቅ ልዩነት አለው። ደግሞም የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ዋና ጽሕፈት ቤት እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ነው፤ ይህ ድርጅት ለረጅም ዓመታት ከባሌ ተራሮች ፓርክ ጋር አብሮ ሲሠራ ቆይቷል። በጀርመንኛ ጽፈው መጠየቅ የሚችሉበት በር እዚያው ደጃፍዎ ላይ እያለ ለጉዞ ወኪል የሚከፍሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ታኅሣሥን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሚወልድ፣ እናንተ የምትደርሱት ቡችሎቹ ገና ከጉድጓዱ አፍ በማይርቁበት ወቅት ነው። ሰው ወደ ጉድጓዱ ከቀረበ እናት ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጉድጓድ ልታዛውር ትችላለች፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ደጋ ደግሞ ይህ ለቡችላ አደጋ ነው። ስካውቱ እዚህ ላይ ቁሙ ካላችሁ ፎቶው ባይደርስም መቆም ነው። ልጅዎ ይህን ከወዲሁ ይስማ፤ ወጣቶችን የሚከብዳቸው ብርዱ ሳይሆን ይህ ነው።

የከብት ሐኪም፦

ሳነቴ ነፋስ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ በሙያዬ ስለ በሽታው ልጨምር፤ ምክንያቱም ቀይ ቀበሮን ከማንም በላይ የሚፈጀው አዳኝ ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በጀመሩ ወረርሽኞች የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ገብቶ ብዙ መንጋ ጨርሷል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አልቀዋል። በመካከሉ ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ተከስቷል። በሽታውን የሚያመጡት ከከብት ጋር ወደ ግጦሽ የሚወጡ የቤት ውሾች ናቸው። ባለቤቶቹ ግን ውሻውን የሚይዙት ለቅንጦት አይደለም፤ ጅብ በሚመላለስበት አገር ያለ ውሻ ከብት ማሳደር አይቻልም። ስለዚህ መፍትሔው ውሾቹን በየጊዜው መከተብ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹም በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ በአፍ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል።

ቀበሮውን ራሱን የምትፈሩት ከሆነ አትስጉ፦ አነስተኛ እንስሳ ነው፤ ከሃያ ኪሎ አይበልጥም። የሚያድነው አይጥና ፍልፈል ነው፤ ሰው ላይ አይመጣም። አደጋው ያለው መንደር ውስጥ ነው። በክትባት ዘመቻ ላይ አብራችሁ ብትሰለፉ ውሻ ያዥ አትሆኑም፤ የባለቤቱን ስምና የውሻውን ዕድሜ መዝጋቢ ትሆናላችሁ። ያም ሆኖ ውሻው ከእናንተ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለታችሁም ከመነሳታችሁ በፊት የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት ውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በአንድ ሳምንት ልዩነት የሚሰጥ ሁለት መጠን በቂ ነው ብሏል፤ ጀርመን ያለው ሐኪማችሁ ግን ሦስት ሊሰጣችሁ ስለሚችል ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ተከተብኩ ብሎ መዘናጋት አይገባም። ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብና በቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። የቀደመው ክትባት የሚጠቅመው ከንክሻው በኋላ የሚያስፈልገውን መጠን ወደ ሁለት ዝቅ ስለሚያደርገውና፣ በየቦታው የማይገኘውን ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለ መድኃኒት ፍለጋ ከመንከራተት ስለሚያድናችሁ ነው።

የደቡብ አፍሪካውንም ላንሳው። ግልገሉ ጡጦ የሚጠባው እናቱ ስለሞተች ሳይሆን በተወለደ በቀናት ውስጥ ከእናቱ ስለሚነጠቅ ነው፤ እናትየዋም ማጥባቷን ስታቆም ቶሎ ዳግም ታረግዛለች። ግልገሉ አድጎ መታቀፍ ሲያቅት ወደ ጫካ አይመለስም፤ ሰው የለመደ አንበሳ ሊመለስም አይችልም። ብዙዎቹ መጨረሻቸው በአጥር ውስጥ ለሚደረግ አደን መሸጥ፣ ከዚያም የአጥንት ንግድ ነው። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 አንበሳን ለንግድ በአጥር ማርባት እንዲቆም መክሯል። የዱር እንስሳ ታቅፋላችሁ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ የትም አገር ይሁን፣ ጥበቃ አይደለም።

ተጓዥ ከዲሲ፦

እህታችን፣ ስለ ጉምሩክ ማንም ስላላነሳው እኔ ልናገር። ባይናኩላር በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት በብዙ አገር ማንም የማይጠይቀው ነገር ነው፤ ቦሌ ላይ ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ይያዝበታል። የሳተላይት ስልክም ፈቃድ ይጠይቃል። ድሮንማ ባይታሰብ ይሻላል፤ ፓርኩ ውስጥ ለማብረር ሌላ ፈቃድ ከማስፈለጉም በላይ እንስሳቱን ያስበረግጋል። የሚቀበላችሁ ድርጅት በራሱ ማኅተም ዕቃዎቹን ዘርዝሮ ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ፣ ያንንም አትማችሁ በእጃችሁ ብትይዙት ብዙ ክርክር ይቀንስላችኋል። ከዚያ የሚቀለው መንገድ ደግሞ ባይናኩላሩን ከዚያው ከአስጎብኚዎች መከራየት ነው።

ሁለታችሁም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ካላችሁ የቪዛ ጉዳይ አይገጥማችሁም። ልጁ በጀርመን ፓስፖርት ብቻ የሚገባ ከሆነ ግን በቱሪስት ቪዛ በበጎ ፈቃድ ሥራ መሰማራት ይፈቀድለት እንደሆነ ከሚቀበላችሁ አካል በጽሑፍ አረጋግጡ። መረጃ መሰብሰብ፣ ናሙና መውሰድ የመሳሰለው ሥራ ካለበት ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የመንገዱንም ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ከዘመድ ሳይሆን ከዚያው አካባቢ ሰው ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ስለ ባሌ የሚያውቀው ከእኔና ከእርስዎ አይበልጥም።

እናት በፍራንክፈርት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደቡብ አፍሪካውን ለልጄ አንብቤለት ጉዳዩ በዚያው ተዘግቷል። ለፍራንክፈርቱ ድርጅትም በዚህ ሳምንት እጽፋለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ልጄ ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው ያደገው። ከደጋ የወጣ ሰው ከፍታን የመቋቋም ችሎታ በደሙ አለው ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው?

ነርስ ከሮቤ፦

እህቴ፣ በደም አትመኩ፤ ዋናው በቅርቡ የት እንደከረማችሁ ነው። ልጅዎ የፍራንክፈርት ሰው ነው፤ እርስዎም አሁን እንደዚያው ነዎት።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዲንሾ ያለው የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ 3,100 ሜትር ይጠጋል፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። አራት ሺህ ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተለመደው መመሪያ ነው። የእናንተ ዕቅድ ለዚህ ይመቻል፤ ዘመድ ጥየቃውን አስቀድማችሁ አዲስ አበባ የምትከርሙባቸው ቀናት ሰውነታችሁን ያላምዱላችኋል። ከዚያ ዲንሾ እያደራችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ሳነቴ የምትወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ መጀመሪያ ቀን ውላችሁ ዝቅ ወዳለው ጎባ ወርዳችሁ እደሩ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ከታዩ ከዚያ በላይ አይወጣም። ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ከተምታታበት ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ መውረድ ነው፤ እስኪነጋ መጠበቅ ገዳይ ነው። አሴታዞላማይድ የሚባለው መከላከያ መድኃኒት ለአንዳንዱ ሰው ይታዘዛል፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳትወስዱት። ወጣቱን ደግሞ በተለይ ተከታተሉት፤ ጤነኛና ስፖርተኛ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ ይታመማል።

የጉዞ ዋስትናችሁን ውል በጥሞና አንብቡ። ብዙዎቹ ከተወሰነ ከፍታ በላይ የሚደርስ ጉዳትን ወይም በበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ የሚደርስን አደጋ አይሸፍኑም። ወደ ሐረና ጫካና ወደ ደሎ መና የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ወባ ስላለ ስለ መከላከያው አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ አምባው ላይ ወባ የለም።

ጅግራ፦

የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ እህታችንን ላለማስቀየም እየሞከርኩ እናገራለሁ። ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ላይ ዘመድ ጥየቃ፣ መንገድና ከፍታ መልመድ ሲቀነስ ሥራ የሚሠራበት ቀን ስንት ይቀራል? በጎ ፈቃድ የሚለውን ስም ትቶ ጥሩ ጎብኚ መሆን የበለጠ ክብር ያለው ይመስለኛል። ለአስጎብኚው፣ ለፈረስ ባለቤቱ፣ ለምግብ አብሳይዋ ተገቢውን ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል ራሱ ጥበቃ ነው፤ እንስሳው በሕይወት በመኖሩ የሚጠቀም ጎረቤት ይፈጥራልና።

ሥራውን ካሉ ደግሞ ጉዞውን በጥር ቢያደርጉት እመክራለሁ። በየዓመቱ ጥር አካባቢ በመላው አፍሪካ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ አገራችን ውስጥ ከሚሳተፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ዳክዬና ፍላሚንጎ መቁጠር ልምድ ካለው ሰው ጎን ሆኖ የሚሠራ፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ እውነተኛ ሥራ ነው።

ሳነቴ ነፋስ፦

ወንድሜ ጅግራ፣ ስለ ክፍያው ያልከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ልጁ የእንስሳት ሐኪም መሆን የሚያስብ ነው፤ አንድ ጠዋት ከስካውት ጋር ወጥቶ፣ ቀበሮው ከፍልፈሉ ጉድጓድ ፊት ጆሮውን ቀስሮ ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም፣ ከዚያም ዘሎ ሲስት፣ እንደገናም ሲቆም ማየቱ ዋጋ አለው። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል በሌላ በየትኛውም አገር የለም፤ የቀበሮውም ዋነኛ ምግብ እሱ ነው። እኔ የምፈራው በጎ ፈቃድ በሚለው ስም የሚመጣውን የተጋነነ ግምት እንጂ መምጣቱን አይደለም።

ከጥር ጋር ማያያዙ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቡችሎቹም በጥር ጠንከር ይላሉ።

እናት በፍራንክፈርት፦

አቶ ጅግራ፣ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ዕረፍቴን ወደ ጥር አጋማሽ እንዲያዛውሩልኝ መሥሪያ ቤቴን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ልጄም ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ አግኝቷል። ከፍራንክፈርቱ ድርጅትም መልስ መጥቷል፤ የሚመለከተውን ክፍል አገናኝተውኛል፣ የመስክ ሥራ ግን ቃል አልገቡልኝም። እኛም ከአዲስ አበባ ቀጥለን ወፍ ቆጠራው ላይ ለመገኘት፣ ከዚያ ወደ ዲንሾ ለመሄድ፣ ባሌ ላይ ደግሞ ወጪያችንን ከፍለን እንደ ጎብኚ ለመቆየት ወስነናል። የመዝገብ ሥራ ካለ እሠራለሁ፤ ከሌለ አላስቸግርም። የቀረኝ ጥያቄ የዕቃ ነው፤ ጋቢ ይበቃናል ወይ? ለስካውቶቹስ የማይለብሱትን የክረምት ልብስ ሰብስቤ ብመጣ?

ሳነቴ ነፋስ፦

ጋቢ ማታ እሳት ዳር ለመቀመጥ ነው። ድንኳን ውስጥ ለማደር ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ የሚችል ስሊፒንግ ባግ ይያዙ፤ በጥር ሰማዩ ስለሚጠራ ሌሊቱ ከክረምቱ ይልቅ ይከፋል፣ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ይነጥፋል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይርሱ። ቡት ጫማው አዲስ አይሁን፤ እዚያው ፍራንክፈርት ለሳምንታት ተራመዱበት፤ ከመምጣታችሁም በፊት የሌላ አገር ዘር ይዛችሁ እንዳትገቡ ሶሉን በብሩሽ እጠቡት። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ፓወር ባንክ ያስፈልጋል፤ ብርዱ የስልክ ቻርጅ ቶሎ ይጨርሳል። ለስንቅ በሶ የመሰለ የለም፤ አዲስ አበባ ካሉት ዘመዶችዎ አስፈጭተው ይያዙ፤ በቀዝቃዛ ውኃም ይበጠበጣል፣ ጾም ላይ ያለ ሰውም ይበላዋል።

ልብሱን በተመለከተ፣ ከማምጣትዎ በፊት ቁጥሩን ይጠይቁ። እንግዶች ትተውት የሚሄዱት ልብስ ብዙ ጊዜ ወይ በጣም ሰፊ ነው ወይ ዚፑ የተሰበረ ነው። አንድ ጥሩ የዝናብ ካፖርት በትክክለኛው ቁጥር ከአንድ ሻንጣ አሮጌ ልብስ ይሻላል። ሲሰጡም ለአንድ ስካውት በግል ሳይሆን በኃላፊው በኩል ይሁን፤ አለዚያ እንግዳ የሚደርሰው ሁልጊዜም ያው ሰው ይሆንና ሌሎቹ ይከፋቸዋል።

የከብት ሐኪም፦

አንድ የቀረ ነገር፦ ከጎባ ወደ ሳነቴ ስትወጡ ሹፌራችሁን ቀስ ብለህ ንዳ በሉት። መንገዱ አምባውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚሄድ ነው፤ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ የሞተበት ጊዜ አለ። ከመስኮት ብስኩት የሚወረውር ሰው ካያችሁም ተናገሩ፤ መንገድ ዳር ምግብ የለመደ ቀበሮ መኪና አይሸሽም።